ሪአክቲቭ ኃይል የባከነ ኃይል ነው? ወፍጮ ቤታችን የሚከፍለው ሁለተኛው መስመር

የወፍጮው ልጅ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

እንደምን አመሻችሁ። የምንኖረው ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ነው፤ አባቴ ወፍጮ ቤት አላቸው። ሞተሩ ባለ ሦስት ፌዝ፣ 30 የፈረስ ጉልበት ነው። ጎኑ ላይ የተለጠፈው ሰሌዳ 22 ኪሎዋት፣ 380 ቮልት፣ 43 አምፔር፣ ኮሳይን ፋይ 0.85 ይላል። እኔ የቴክኒክና ሙያ ተማሪ ነኝ፤ ኤሌክትሪክ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነው።

በየወሩ በሚመጣው የመብራት ሒሳብ ላይ ከኪሎዋት ሰዓቱ ሥር «ሪአክቲቭ» የሚል ሌላ መስመር አለ፤ አጠገቡም ገንዘብ ተጽፎበታል። አባቴ «ያልተጠቀምኩበትን ነው የሚያስከፍሉኝ» እያሉ ይበሳጫሉ። ሄደን ስንጠይቅ የተሰጠን መልስ «ሞተራችሁ ኃይል ያባክናል» የሚል ብቻ ነበር። ባለፈው ሳምንት ደግሞ አንድ ነጋዴ ሣጥን ይዞ መጣ። «ይህን ብታስገጥሙ የባከነውን ይመልስላችኋል፤ ሒሳባችሁ በ40 በመቶ ይቀንሳል» አለን። አባቴ ወደ እኔ ዞረው «አንተ የተማርከው ነው፣ ምን ትላለህ?» ሲሉኝ መልስ አጣሁ።

ከጓደኛዬ ክላምፕ ሜትር (ሽቦውን ከውጭ አቅፎ ኮረንቲውን የሚያነብ መለኪያ) ተውሼ ለካሁ። እህል እየፈጨ ሳለ 34 አምፔር፣ ባዶውን ሲሽከረከር 18 አምፔር ነው። ግራ የገባኝ ይህ ነው። ባዶውን ሲሽከረከር ኮረንቲው በግማሽ ያህል ብቻ ነው የሚወርደው፤ ቆጣሪው ላይ ያለችው ቀይ መብራት ግን ብልጭታዋ በግማሽ ሳይሆን እጅግ ይዘገያል። ሁለቱም የሚለኩት አንድ ሽቦ ነው። ታዲያ ማን ነው ትክክል?

ኮንታክተር
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡15

ወንድሜ፣ ገንዘቡን ለነጋዴው አትስጡ፤ ቢያንስ ይህን ውይይት እስክንጨርስ።

ሁለቱም ትክክል ናቸው። በሞተር ሥራ ከ20 ዓመት በላይ ቆይቻለሁ፤ ያስተዋልከውን ልዩነት ሳያስተውሉ ሙያውን የጨረሱ ሰዎች አውቃለሁ። አንድ ነገር አድርግልኝ። ቆጣሪው ፊት ላይ መብራቷ በአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ጊዜ እንደምትበራ የሚናገር ቁጥር አለ። እሱን ጻፍልኝ። ከዚያ ሰዓት ይዘህ ብልጭታውን አንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠር፤ አንዴ እየፈጨ፣ አንዴ ባዶውን።

የወፍጮው ልጅ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡05

ጋሼ፣ ቁጥሩ 400 ነው። እየፈጨ ሳለ በደቂቃ 117፣ ባዶውን 20 ጊዜ ትበራለች። ሦስት ሦስት ጊዜ ቆጥሬዋለሁ።

ኮንታክተር
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡30

ጎበዝ። አሁን አብረን እንሥራው።

በደቂቃ 117 ማለት በሰዓት 7,020 ብልጭታ ነው፤ ለ400 ስናካፍለው 17.5 ኪሎዋት። ይህ በእርግጥ ወደ ሥራና ወደ ሙቀት የተለወጠው ኃይል ነው። ባዶውን ስናሰላው 3 ኪሎዋት ይመጣል።

አሁን ደግሞ ክላምፕ ሜትሩ ያየውን እንመልከት። ለሦስት ፌዝ 1.732 × 380 × 34 ሲባዛ 22.4 ኪሎቮልት አምፔር ነው። ባዶውን 1.732 × 380 × 18 ሲሆን 11.8 ነው። ሽቦው የተሸከመው ይህን ነው። ኪሎዋቱን ለኪሎቮልት አምፔሩ አካፍል፤ እየፈጨ 0.78፣ ባዶውን 0.25። ፓወር ፋክተር የሚባለው ይኸው ነው። ሰሌዳው ላይ ያለው 0.85 ሞተሩ ሙሉ ጭነት ሲሸከም የሚደርስበት ነው እንጂ ሁልጊዜ የሚኖረው አይደለም።

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በመቀነስ አይገኝም፤ በፓይታጎራስ ነው። የ22.4 ካሬ ሲቀነስ የ17.5 ካሬ፣ ከዚያ ካሬ ሥሩ፤ 14 ኪሎቫር። ኪሎቫር የሪአክቲቭ ኃይል መለኪያ ነው። ባዶውን በዚሁ መንገድ 11.4 ኪሎቫር።

እዚህ ላይ ቆም በል። ሥራው ከ17.5 ወደ 3 ሲወርድ ሪአክቲቩ ከ14 ወደ 11.4 ብቻ ነው የወረደው። ሞተሩ ቢፈጭም ባይፈጭም የሚፈልገው መግነጢስ አንድ ዓይነት ነው ማለት ይቻላል። ያንተ ሞተር ባዶውን 18 አምፔር መሳቡ ለመጠኑ ትንሽ በዛ ይላል፤ ተቃጥሎ እንደገና የተጠመጠመ ነው? ጠምጣሚው የዙር ቁጥር ከቀነሰ የመግነጢሱ ኮረንቲ ይጨምራል።

የወፍጮው ልጅ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡52

አዎ፣ ከሦስት ዓመት በፊት ተቃጥሎ ተጠምጥሟል። ጋሼ፣ ስሌቱ ገብቶኛል። ያልገባኝ የ14 ኪሎቫሩ ነገር ነው። ቆጣሪው ካልቆጠረው የት ሄደ?

መምህርቷ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡40

ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ ይህን ጥያቄ በየዓመቱ ስለምሰማው መልሱን ብዙ አስቤበታለሁ።

የትም አልሄደም፤ ተመልሷል። የለስላሳ መጠጥ የሚያከፋፍል መኪና አስብ። በሣጥን የሞላ ጠርሙስ ይዞ ይመጣል፤ ባለ ሱቁ የሚከፍለው ለመጠጡ ነው፤ ባዶ ጠርሙሱን መኪናው ይዞት ይመለሳል። ጠርሙሱ አልተሸጠም፣ አልጠፋም። ያለ ጠርሙስ ደግሞ መጠጡ ሊመጣ አይችልም። መኪናው ግን ለጠርሙሱ ክብደት በመሄጃውም በመመለሻውም ነዳጅ አቃጥሏል። የባከነው ነዳጁ ነው እንጂ ጠርሙሱ አይደለም። ስለዚህ «ሞተራችሁ ኃይል ያባክናል» የተባላችሁት ጠርሙሱንና ነዳጁን ያደባለቀ መልስ ነው።

ከምሳሌው ወደ ሽቦው ልመለስ። የኛ ቮልቴጅ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ አንዱ ዙር 20 ሚሊ ሰከንድ ነው። የሞተሩ ጥቅል ኮረንቲውን ወደ ኋላ ይጎትተዋል፤ ምክንያቱም ኮረንቲ በተለወጠ ቁጥር በጥቅሉ ዙሪያ ያለው መግነጢስ መሠራት ወይም መፍረስ አለበት፣ እሱም ለውጡን ይቃወማል። በፓወር ፋክተር 0.78 መዘግየቱ ከ2 ሚሊ ሰከንድ ትንሽ ይበልጣል። ባዶውን በ0.25 ደግሞ 4.2 ሚሊ ሰከንድ ይደርሳል፤ 5 ቢሞላ ሩብ ዙር ነው። ቮልቴጁ አቅጣጫውን ቀይሮ ኮረንቲው ገና ባልቀየረበት በዚያች ቅጽበት ኢነርጂው ከሞተሩ ወጥቶ ወደ መጣበት ይመለሳል። ይህ በሰከንድ 100 ጊዜ ይሆናል። ቆጣሪው የገባውንና የተመለሰውን ስለሚያጣፋ በመጨረሻ የሚመዘግበው የቀረውን ብቻ ነው። ክላምፕ ሜትር ግን የኮረንቲውን መጠን እንጂ አቅጣጫውን አያይም።

የተማሪዎቼ የተለመደ ስሕተት «ሥራ የማይሠራ ከሆነ አያስፈልግም» ማለት ነው። በቋሚውና በሚሽከረከረው ብረት መካከል ያለው ቀጭን የአየር ክፍተት በመግነጢስ ካልተሞላ ዘንጉ አይዞርም፤ ዘንጉ ካልዞረ ደግሞ ጤፉ አይፈጭም።

ብየዳ ቤት
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4፡20

በአክብሮት ልቃወም። የአጎቴ ልጅ የእንጨት ሥራ ቤት አለው። እንዲህ ያለ ሣጥን አስገጥሞ ሒሳቡ በእርግጥ ቀንሷል፤ ደረሰኙን በዓይኔ አይቻለሁ። ስሌቱ ምንም ይበል፣ ገንዘቡ ቀንሷል።

ኮንታክተር
ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡10

ወንድሜ፣ አምንሃለሁ። ግን የትኛው መስመር ነው የቀነሰው? ኪሎዋት ሰዓቱ ነው ወይስ ሪአክቲቩ? ሁለቱን ደረሰኞች ጎን ለጎን አድርገህ ተመልከትልኝ።

እንጀራ ጋጋሪዋ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 8፡00

ይቅርታ፣ በመሐል ስለገባሁ። እኔ በኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ እየጋገርኩ ለሆቴሎች አቀርባለሁ፤ ሦስት ምጣድ አለኝ። ይኸው ሣጥን ለእኔም ቀርቦልኛል። የእኔ ሒሳብ ላይ ሪአክቲቭ የሚል የለም። ቢሆንም ልግዛው?

መምህርቷ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 9፡25

እህቴ፣ አይግዙት። ምጣድ ውስጡ የሚግል ሽቦ ብቻ ነው፤ መግነጢስ አይሠራም ማለት ይቻላል። 3.5 ኪሎዋት ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ይስባል፤ እያንዳንዱ አምፔር ሙቀት ይሆናል። ፓወር ፋክተሩ 1 ነው። የሚመላለስ ጠርሙስ ስለሌለ ሣጥኑ የሚያስቀረው ነገር አይኖርም። ደግሞም የእርስዎ ቆጣሪ የሚያስከፍለው በኪሎዋት ሰዓት ብቻ ነው። በምጣድ ላይ ማትረፍ የሚቻለው በሙቀቱ ነው፤ ሸክላው አንዴ ከጋለ ሳይቀዘቅዝ አከታትሎ መጋገር፣ ክዳኑ በደንብ የሚገጥም መሆኑን ማየት፣ ሥሩ ያለው ሙቀት መከላከያ እንዳልረገፈ ማረጋገጥ።

እንጀራ ጋጋሪዋ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 12፡30

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለጎረቤቶቼም እነግራቸዋለሁ፤ ሁለቱ ሊገዙ ነበር።

ከሽቱትጋርት
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡15

የመምህርቷ የጠርሙስ ምሳሌ በጣም ደስ ብሎኛል፤ እኔ በጀርመን ስማር ከተነገረኝ ሁሉ የተሻለ ነው። ሁለት ቦታ ላይ ግን ላጥብቀው።

አንደኛ፣ የጠርሙሱ ክብደት በመጠጡ ክብደት ላይ በቀጥታ ይደመራል፤ ሪአክቲቭ ግን በጎን ነው የሚደመረው። 4 ኪሎዋትና 3 ኪሎቫር ሲገናኙ 7 ሳይሆን 5 ኪሎቮልት አምፔር ይሆናሉ። ትንሽ ሪአክቲቭ ብዙም አይጎዳም የሚባለው ለዚህ ነው። ፓወር ፋክተርን ከ0.95 ወደ 1 ማድረስ የሚጠይቀው ካፓሲተር ብዙ፣ የሚያስገኘው ጥቅም ግን ጥቂት ነው።

ሁለተኛ፣ በአንድ ፌዝ ኢነርጂው በእርግጥ ወደ ምንጩ ይመለሳል። በተመጣጠነ ሦስት ፌዝ ግን የሦስቱ ድምር በየቅጽበቱ ቋሚ ነው፤ አንዱ ፌዝ ሲመልስ ሌላው ይቀበላል። ወፍጮው የማይንቀጠቀጠውም ለዚህ ነው። ያም ሆኖ እያንዳንዱ ሽቦ የራሱን ተጨማሪ ኮረንቲ ተሸክሟል፤ ይሞቃልም።

ስለ ስሙም አንድ ነገር ልበል። ጀርመኖች ሪአክቲቭ ኃይልን ብሊንድላይስቱንግ ይሉታል፤ ቃል በቃል «ዕውር ኃይል» ማለት ነው። በአማርኛ እንዲህ ብለን ባንቀዳው እመርጣለሁ፤ ዓይነ ስውራንንም ያስቀይማል፣ ነገሩንም አይገልጽም። «ተመላላሽ ኃይል» ብንለው ምን ይመስላችኋል? ተመላላሽ ታካሚ እንደምንለው ነው፤ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ አልጋ አይዝም።

መምህርቷ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡40

ተመላላሽ ኃይል! ከነገ ጀምሮ በክፍል ውስጥ እጠቀምበታለሁ። ስለ ሦስት ፌዙም ትክክል ነዎት፤ ለጀማሪ ስል ያለፍኩት ነበር።

ብየዳ ቤት
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡00

ደረሰኞቹን አስመጣኋቸው። ኪሎዋት ሰዓቱ አልተለወጠም ማለት ይቻላል። የጠፋው የሪአክቲቩ ክፍያ ነው። ለካ ሣጥኑ ውስጥ ያለው ካፓሲተር ኖሯል።

ኮንታክተር
ሐሙስ፣ ከቀኑ 6፡45

ስላመጣህልን አመሰግናለሁ፤ ብዙ ሰው ክርክር ሲጀምር ደረሰኝ ፈልጎ አይመለስም።

አዎ፣ ካፓሲተር ነው። ካፓሲተር ከጥቅል ተቃራኒ ነው፤ መግነጢሱ ኢነርጂ በሚቀበልበት ቅጽበት እሱ ይለቃል፣ መግነጢሱ ሲለቅ እሱ ይቀበላል። በጠርሙሱ ምሳሌ ሱቁ ጓሮ ውስጥ ጠርሙስ አጥቦ የሚሞላ ቤት እንደ መክፈት ነው። ጠርሙሱ መመላለሱን አይተውም፤ ግን የሚመላለሰው ከጓሮ እስከ ሱቅ ነው፣ አውራ መንገዱ ያርፋል። የአጎትህ ልጅ ያተረፈው ቅጣቱን፣ ማለትም የሪአክቲቩን ክፍያ ነው። ለዚያ ደግሞ የሣጥኑን ዋጋ መክፈል አያስፈልግም ነበር፤ ባዶው ካፓሲተር ከነመቆጣጠሪያው በጣም ይረክሳል።

ወደ ወፍጮው ልጅ ልመለስ። ከቆጣሪው እስከ ሞተሩ ስንት ሜትር ነው? ሽቦውስ?

የወፍጮው ልጅ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡20

60 ሜትር ገደማ። መዳብ ነው፣ 16 ካሬ ሚሊ ሜትር። በቀን 8 ሰዓት ያህል ሞተሩ ይሽከረከራል፤ ግን ግማሹን ጊዜ ደንበኛ እየተጠበቀ ባዶውን ነው የሚዞረው። አባቴ «ሲነሳ ነው ብዙ የሚበላው» ስለሚሉ አያጠፉትም።

ኮንታክተር
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡30

የነገሩ ቁልፍ እዚህ አባትህ ዘንድ ነው፤ በአክብሮት ንገራቸው።

መጀመሪያ የነጋዴውን 40 በመቶ እንፈትነው። 16 ካሬ መዳብ በ60 ሜትር ወደ 0.069 ኦም ተቃውሞ አለው። ኪሳራው በሦስቱ ሽቦዎች 3 ጊዜ የኮረንቲው ካሬ ጊዜ ተቃውሞው ነው። በ34 አምፔር 239 ዋት ይሆናል። ካፓሲተር አጠገቡ ብታስቀምጥና ኮረንቲው ወደ 27.5 ቢወርድ 157 ዋት። ያተረፍከው 82 ዋት ነው፤ ባዶውን ሲሽከረከር ደግሞ 60 ያህል። በስምንት ሰዓት ሲደመር 0.6 ኪሎዋት ሰዓት እንኳን አይሞላም። በቀን የምትጠቀሙት 82 ኪሎዋት ሰዓት ስለሆነ ከመቶ 0.7 ነው። ቆጣሪው የሚያየው የካፓሲተር ትርፍ ይህ ብቻ ነው። 40 በመቶ የሚባለው ውሸት ነው፤ ሌላ ቃል የለኝም።

ከቆጣሪው ወዲያ ባለው መስመርና ትራንስፎርመር ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ወፍጮው በሚፈጭበት ሰዓት የአንተ ኮረንቲ በሽቦው ላይ የሚያስከትለው ሙቀት ከሲሶ በላይ ይቀንሳል። ያ ትርፍ የአቅራቢው ነው። የሪአክቲቭ ክፍያ የተፈጠረውም ለዚህ ነው፤ ኪሳራው በእነሱ ሽቦ ላይ ስለሆነና ኪሎዋት ሰዓት ስለማይነካው በሌላ መስመር ያስከፍሉታል። አባትህ «ያልተጠቀምኩበትን» ያሉት ግማሽ እውነት ነው። ተመላላሹን አልበሉትም፤ መንገዱን ግን ተጠቅመውበታል።

አሁን ወደ ባዶው ሽክርክሪት። 4 ሰዓት በ17.5 እና 4 ሰዓት በ3፤ 82 ኪሎዋት ሰዓት። ሪአክቲቩ 4 ጊዜ 14 እና 4 ጊዜ 11.4፤ 102 ኪሎቫር ሰዓት። ከሥራው ይልቅ ተመላላሹ በልጧል። የወሩ አማካይ ፓወር ፋክተር 0.63 ይሆናል። ሒሳባችሁን ያበላሸው ወፍጮው ሲፈጭ ሳይሆን ሲጠብቅ ነው። ከአራቱ የጥበቃ ሰዓታት ሦስቱን ብታጠፉት ምንም ሳትገዙ አማካዩ 0.73 ይደርሳል፤ በዚያ ላይ በየቀኑ 9 ኪሎዋት ሰዓት ይተርፋችኋል። ከካፓሲተሩ ትርፍ ከ15 እጥፍ በላይ ነው።

«ሲነሳ ብዙ ይበላል» የሚለው የቆየ እምነት ነው። ሲነሳ ኮረንቲው በእርግጥ ብዙ ነው፤ ግን የሚቆየው ጥቂት ሰከንድ ነው። 3 ኪሎዋት ለአንድ ሰዓት መዞር ከአንድ አነሳስ ኢነርጂ ብዙ ጊዜ ይበልጣል። ደጋግሞ ማስነሳት የሚጎዳው ጥቅሉን በሙቀት ነው። ስለዚህ በየአምስት ደቂቃው አታጥፉት፤ እህሉ ተሰብስቦ አንድ ላይ ይፈጭ፣ ከዚያ ረዘም ላለ ጊዜ ይረፍ።

ከሽቱትጋርት
ዓርብ፣ ከምሽቱ 2፡10

ወንድማችን ስለ አቅራቢው ሽቦ ያነሱት ነገር የእኔ ሥራ ስለሆነ ትንሽ ልጨምር። ኪሳራው ከጉዳቱ ትንሹ ነው። ትልቁ ቮልቴጅ ነው። ተመላላሽ ኃይል በረጅም መስመር ሲጓዝ ቮልቴጁን ይዞት ይወርዳል፤ ስለዚህ ከሩቅ ሊመጣ አይችልም፣ በሚፈለግበት አካባቢ መገኘት አለበት።

እ.ኤ.አ. ኦገስት 14 ቀን 2003 በሰሜን አሜሪካ 50 ሚሊዮን ያህል ሰው መብራት አጣ። መስመሮች ዛፍ ነክተው መውደቃቸውን ሁሉም ያስታውሳል። የቀኑ ታሪክ ግን ቀደም ብሎ ኦሃዮ ውስጥ ኢስትሌክ በሚባለው ጣቢያ ይጀምራል። በክሊቭላንድ አካባቢ ቮልቴጁ ደክሞ ነበርና 5ኛውን ማመንጫ ተመላላሽ ኃይል ይበልጥ እንዲሰጥ ሲገፉት ከቀትር በኋላ ከመስመር ወጣ። አካባቢው ከዚያ በኋላ የሚደግፈው አጣ።

ተቃራኒውም ይሆናል። ኤፕሪል 28 ቀን 2025 ስፔንና ፖርቱጋል የጨለሙት ቮልቴጅ ወርዶ ሳይሆን ከልክ በላይ ወጥቶ ነው። ተመላላሹን የሚውጠው አንሶ ቮልቴጁ ሲያሻቅብ ማመንጫዎች ራሳቸውን ለማዳን ተራ በተራ ወጡ፤ በወጡ ቁጥር ደግሞ ቮልቴጁ ባሰበት።

ለምን ያሻቅባል? ረጅም መስመር ራሱ ካፓሲተር ስለሆነ ነው፤ ሽቦው አንዱ ገጽ፣ መሬቱ ሌላው። በ500 ኪሎቮልት እያንዳንዱ ኪሎ ሜትር 1 ሜጋቫር (1,000 ኪሎቫር) ገደማ ይሰጣል። ከሕዳሴው ግድብ በደዴሳ በኩል ወደ ሆለታ የተዘረጋውን መስመር አስቡት። ሌሊት ጭነቱ ሲቀንስ የመድረሻው ቮልቴጅ ከመነሻው ሊበልጥ ይችላል። ይህ የፌራንቲ ክስተት ይባላል፤ ፌራንቲ በ1890 ገደማ ከዴፕትፎርድ ወደ ለንደን በዘረጋው የ10,000 ቮልት ገመድ ላይ የታየ ነው። መፍትሔው የወፍጮው ተቃራኒ ነው፤ ካፓሲተር ሳይሆን ተመላላሹን የሚውጥ ትልቅ ጥቅል በየጣቢያው ይቆማል። ከወላይታ ሶዶ ወደ ኬንያ ሱስዋ የሚሄደው 1,045 ኪሎ ሜትር መስመር በቀጥተኛ ኮረንቲ መሠራቱ አንዱ ጥቅሙ ይኸው ነው፤ በሽቦው ላይ የሚመላለስ የለም።

የወፍጮው ልጅ
ዓርብ፣ ከምሽቱ 3፡00

የእኛ ወፍጮና የሕዳሴው መስመር አንድ ትምህርት መሆናቸውን አላስብም ነበር። ጋሼ ኮንታክተር፣ አባቴ ማጥፋቱን ተቀብለዋል። ቅጣቱ ጨርሶ እንዲቀር ግን ካፓሲተርም ይገጠም ብለዋል። ስንት ኪሎቫር ልግዛ?

ኮንታክተር
ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 3፡30

ከ10 ኪሎቫር አትለፍ። ሞተሩ ባዶውን የሚፈልገው 11.4 ነው፤ ካፓሲተሩ ከዚያ ከመቶ 90 እንዳይበልጥ። ከበለጠና በቀጥታ ሞተሩ ላይ ከታሰረ፣ መብራት ሲጠፋ እየተሽከረከረ ያለው ሞተር በራሱ እንደ ጄኔሬተር ቮልቴጅ ማመንጨት ይችላል፤ ሰው ይጎዳል።

ስትገዛ ኪሎቫሩን ብቻ ሳይሆን ቮልቱንም አንብብ። የሚሰጠው በቮልቴጁ ካሬ ይለዋወጣል። 440 ቮልት ላይ 12.5 ኪሎቫር የተባለ ካፓሲተር በእናንተ 380 ቮልት 9.3 ነው የሚሰጠው። እሱ ይበቃሃል፤ ቮልቴጁ ከፍ ሲልም አይፈነዳም።

የእናንተ ሞተር በስታር ዴልታ፣ ማለትም መጀመሪያ በተቀነሰ ቮልቴጅ (ስታር)፣ ከዚያ በሙሉው (ዴልታ) ነው የሚነሳው? ከሆነ ካፓሲተሩን የሞተሩ ጫፎች ላይ አትሰር። የራሱ ኮንታክተር (በኤሌክትሪክ የሚዘጋና የሚከፈት ማብሪያ) ይኑረው፤ ዴልታው ከተዘጋ በኋላ ይግባ፣ ሞተሩ ሲጠፋ አብሮ ይውጣ። ሽቦውን ከኦቨርሎድ ሪሌው (ኮረንቲው ሲበዛ ሞተሩን ከሚያጠፋው መከላከያ) በፊት አድርገው፤ በኋላ ከሆነ ሪሌው የሚያየው የተቀነሰውን ኮረንቲ ስለሚሆን ለሞተሩ ጥበቃ አይሆንም።

የመጨረሻው የሁሉ በላይ ነው። ማብሪያው ከጠፋ በኋላም ካፓሲተር ውስጥ ከ500 ቮልት በላይ ተከማችቶ ሊቆይ ይችላል። የማፍሰሻ ሬዚስተር ያለው ግዛ። ካጠፋህ በኋላ ቢያንስ 5 ደቂቃ ጠብቅ፤ ከዚያም ለክተህ እንጂ ገምተህ አትንካ። ብቻህን አትሥራው፣ ፈቃድ ያለው ባለሙያ አጠገብህ ይሁን። ይህን ችላ ብሎ እጁን ያጣ የሥራ ባልደረባ ነበረኝ።

የወፍጮው ልጅ
ከአምስት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ፣ ከቀኑ 10፡00

ቃል በገባሁት መሠረት ተመልሻለሁ። የኮሌጃችን አስተማሪ መጥተው አብረን ገጠምነው። እየፈጨ 28 አምፔር፣ ባዶውን 6 አምፔር ይነበባል። የቆጣሪው ብልጭታ ግን ያው 117 እና ያው 20 ነው። አባቴን አጠገቤ አቁሜ ሁለቱንም አሳየኋቸው። ክላምፕ ሜትሩን ራሳቸው ይዘው አንዴ ካፓሲተሩን አስወጥተን አንዴ አስገብተን ካዩ በኋላ «ጠርሙሱ ጓሮ ቀረ ማለት ነው» አሉ።

የወሩ ሒሳብ ትናንት መጣ። የሪአክቲቩ መስመር ላይ ገንዘብ የለም። ኪሎዋት ሰዓቱም ከመቶ 10 ያህል ቀንሷል፤ ይህ ሞተሩን በማጥፋታችን ነው። ጠዋት ጠዋት እህል ይሰበሰባል፣ አራት ሰዓት ላይ ይፈጫል፤ ደንበኞችም ሰዓቱን ለምደውታል።

አንድ ነገር ብቻ አልተስተካከለም። ሞተሩ ሲነሳ የቤታችን አምፖል አሁንም ደብዘዝ ይላል። ካፓሲተሩ ይህንንም ይፈታዋል ብዬ ነበር።

ኮንታክተር
እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡45

እንኳን ደስ ያላችሁ፤ አባትህን ሰላም በልልኝ።

ካፓሲተሩ የሚገባው ከተነሳ በኋላ ስለሆነ አምፖሉን አያግዘውም። ሲነሳ ኮረንቲው ከሰሌዳው ቁጥር ስድስት እጥፍ ሊደርስ ይችላል፤ አብዛኛውም ተመላላሽ ነው። ስታሩ ከመስመሩ የሚሳበውን ወደ ሲሶ ያወርደዋል፤ ግን ሞተሩ ፍጥነቱን ሳይጨርስ ወደ ዴልታ ከተዛወረ ጥቅሙ ይጠፋል። አምፖሉ የሚደበዝዘው ገና ሲነሳ ነው ወይስ ወደ ዴልታ ሲዛወር «ጧ» በሚልበት ጊዜ? የማዛወሪያው ታይመርስ ስንት ሰከንድ ላይ ነው?

የወፍጮው ልጅ
እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡05

«ጧ» ሲል ነው። ታይመሩ 3 ላይ ነው። ነገ ጠዋት ወፍጮው እህል ሳይገባበት አስነስቼ ድምፁ እስኪረጋ ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ እቆጥራለሁ።